የዓለም ካርታና የሕፃን እጅ

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ገና በስሙ ሩቅ አገርን የሚያስታውስ ነው። ቀራንዮ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የራስ ቅል ማለት ነው፤ በወንጌል እንደተጻፈው በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የስቅለቱ ስፍራ መጠሪያ ነው። የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይህን ስም ተሸክሞ በከተማይቱ ምዕራባዊ ዳር ሲቆም፣ ስሙ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ ለመንደሩ፣ ከመንደሩም አልፎ ለክፍለ ከተማው ተረፈ። ከዚያው ሳይርቅ ቤተል የሚባል ሰፈር አለ፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ሕልም ያየበት ቦታ ስም ነው። ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር መጠሪያውን ያገኘው መቀመጫው ዋሽንግተን ከሆነው ባንክ ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ሲባል ደግሞ ዊንጌት ይገኛል፤ በ1941 ከአርበኞች ጋር በጎጃም የተዋጋውና ከሦስት ዓመት በኋላ በበርማ ጦርነት ሳለ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው የእንግሊዝ መኮንን ስሙ በ1946 በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱም በአካባቢው ላይ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአጣና ተራ ቆሞ የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ከኢየሩሳሌም እስከ ዋሽንግተን ያለውን አገር በጆሮው ሲያስስ ይውላል።

ይህን የመሰለው አሰያየም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱም አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው። ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ መንገድ የራቀው ወይም የተዘጋበት ሰው ሩቁን አገር በስም ወደ ደጁ አመጣው። ይህም ያለ ብራናና ያለ ቀለም፣ በመሬቱ በራሱ ላይ የተሠራ ካርታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የኮልፌ ሕፃን በደብተሩ ላይ ወይም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የዓለምን ካርታ መሣል ሲጀምር ግን ሥራው የአያቶቹ ሥራ ተቃራኒ ይሆናል። እነርሱ ዓለምን ወደ ደጃቸው አመጡ፤ እርሱ ደጁን ይዞ በዓለም ውስጥ ቦታ ይፈልግለታል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከአቅጣጫ ነው። በኮልፌ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ተማሪዎችም ወደ ካርታው የሚመጡት ባዶ እጃቸውን አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያደገው ልጅ ጸሎት ወደ ምሥራቅ እንደሚደረግ ያውቃል፤ እናቱ ስትሰግድ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር አይቷል። ከመስጊድ አካባቢ ያደገው ልጅ ደግሞ ቂብላን ያውቃል። መካ ከአዲስ አበባ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በኮልፌ ወደ ቂብላ የዞረ ሰው ፊቱን ያዞረው ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። እንግዲህ አንደኛው ምሥራቅን፣ ሁለተኛው ሰሜንን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል ማለት ነው። ሁለቱ ያላቸውን ቢያዋጡ ኮምፓስ ሳያስፈልጋቸው ወረቀታቸውን በትክክል ለማንጠፍ ይችላሉ።

ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው። ያን ጊዜ ሰሜን «ላይ»፣ ደቡብ «ታች» ይሆናል። በኮልፌ አጠገብ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወደ ደቡብ ወርዶ ከአዋሽ ጋር ስለሚቀላቀል በካርታው ላይም «ወደ ታች» ይፈስሳል፤ ልጁም ይህ ተገቢ ሆኖ ይታየዋል። ዓባይን ለመሣል ሲደርስ ግን እርሳሱ ይቆማል። ውኃ ወደ ላይ እንዴት ይፈስሳል? ይህን ጥያቄ ካርታን በማየት ብቻ የተማረ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጠይቀውም፤ ወንዙን ከጣና አንሥቶ በእጁ እስከ ሜዲትራኒያን የጎተተ ልጅ ግን ሳይጠይቅ አያልፍም። መልሱም በወረቀት ላይ ያለው «ላይ» በምድር ላይ ካለው ከፍታ ጋር ዝምድና እንደሌለው፣ ሰሜንን ከላይ ያደረገው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው ልማድ እንደሆነ ነው።

ልማዱም በጣም ያረጀ አይደለም። በ1154 አል ኢድሪሲ ለሲሲሊ ንጉሥ ያዘጋጀው የዓለም ካርታ ደቡብን ከላይ ያደረገ ነበር። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መነኮሳት ደግሞ ገነት በምሥራቅ ናት ብለው ምሥራቅን ከላይ ያደርጉ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የኢትዮጵያን ተማሪ ሊያስደንቀው የሚገባው በ15ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ላይ በቬኒስ አጠገብ በሚገኝ ገዳም የኖረው ፍራ ማውሮ የሠራው ካርታ ነው። ዛሬ በቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው ይህ ክብ ካርታ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን ደቡብን ከላይ ያደረገ በመሆኑ አፍሪካ በራስጌው፣ አውሮፓ በግርጌው ይታያሉ። ፍራ ማውሮ ኢየሩሳሌምን ከዓለም መካከል ፈቀቅ አድርጎ ስላስቀመጣት፣ ይህን ለምን እንዳደረገ በካርታው ላይ ማብራሪያ ለመጻፍ ተገድዷል።

ኢትዮጵያ በዚህ ካርታ ላይ ሰፊ ቦታ አላት። ዓባይና አዋሽ በስማቸው ተጽፈዋል። አንድ የቬኒስ መነኩሴ ከገዳሙ ሳይወጣ አዋሽን ከየት አወቀው ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሰጠው ራሱ ነው፤ አውራጃዎቹን፣ ከተማዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራራዎቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው ያሳዩት የአገሩ ተወላጆች የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች እንደሆኑ በካርታው ላይ መስክሯል። በዚያን ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ወደ ጣሊያን ከተሞች ይመላለሱ እንደነበር ይታወቃል፤ በ1441 በፍሎሬንስ ጉባኤ ፊት የቀረቡትም ከዚያው ከኢየሩሳሌም የተላኩ ነበሩ። ለፍራ ማውሮ የሣሉለት ሰዎች ግን እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። የወንዞቻቸው ስም ሲቀር የእነርሱ ስም ጠፍቷል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው ሰው ስም በመልካም ዕድል ተርፏል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጉዞ ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን አስተምሮታል፤ ስለ አገሩ አቀማመጥም ሲጠየቅ መልስ ሰጥቶታል። ሉዶልፍ ኋላ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና ካርታ በብዙ ነገር የዚህ ካህን ዕውቀት ያለበት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ሰጥሞ ሞተ፤ ካርታው በእጁ አልገባም።

በአገር ውስጥም ቢሆን የመሣሉ ልማድ አልታጣም። በአንዳንድ የግእዝ ብራና መጻሕፍት ውስጥ አክሱም በክብ መሐል ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን ያሉት አገሮች ስማቸው በየክፍሉ የተጻፈበት ሥዕል ይገኛል። ርቀትን የሚለካ መስመር የለውም፤ ባሕርም ድንበርም በመልኩ አይታይበትም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መካከሉ የት እንደሆነና ማን በየትኛው ወገን እንደሚኖር። አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ሰፈርህን ሣል ቢባል የሚያወጣው ሥዕል ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ቤቱ በመካከል፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱና የአክስቱ ቤት በዙሪያው። ይህን ማለት የብራናውን ሥራ ማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ካርታ ሁሉ የሚጀምረው «እኔ የት ነኝ?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑን ሊቁም ሕፃኑም እኩል ያውቁታል ለማለት ነው።

ዘመናዊው የጂኦግራፊ ትምህርት በአማርኛ የታተመው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት መከፈት በፊት ነው። ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ በትግራይና በሸዋ ቆይቶ ሲመለስ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሎንዶን በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1925 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከተከፈቱ በኋላ ግን ካርታ ለተማሪው በአብዛኛው ከውጭ ተጠቅልሎ የመጣ፣ በሚስማር የተሰቀለ፣ በዘንግ የሚመለከት ዕቃ ሆነ። ተማሪው የአገሮችን ዋና ከተማ በቃሉ ይዞ ይወጣል። በቃል መያዝ ከፊደል ገበታና ከዳዊት፣ ከቁርኣን ቤትም የመጣ የተከበረ ችሎታ ነው፤ ዳሩ ግን ስምን እንጂ ስፋትን፣ ርቀትንና ጉርብትናን አያስይዝም። ሊማ የፔሩ ዋና ከተማ መሆኗን ሳይሳሳት የሚመልስ ተማሪ ፔሩን በየትኛው ውቅያኖስ ዳር ፈልግ ሲባል ጣቱ በአየር ላይ ይንከራተታል።

ኢትዮጵያ የራስዋን የካርታ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በ1954 ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን አትላስ በ1962 ሲያሳትሙ አገሪቱ በገዛ ልጅዋ እጅ በመጽሐፍ መልክ ተሣለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በተራው ትምህርት ቤት ግን ካርታ በቁጥር አነስተኛ ስለሆነ መምህራን በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ይሥሉ፣ ተማሪዎችም ወረቀትን በዘይት አርሰው፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ አድርገው፣ ከመጽሐፍ ይገለብጡ ነበር። እጥረት የወለደው ይህ ዘዴ ከተሰቀለው ውድ ካርታ ይልቅ ብዙ አስተማረ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም የዘይቱ ወረቀት እጅን ያሠራል።

ከሁሉ የሚሻለው የካሬ ዘዴ ነው። ባርባራ ጆ ኋይት የተባለች አሜሪካዊት የሰላም ጓድ አባል በ1988 በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ከልጆች ጋር በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የዓለምን ካርታ በዚህ መንገድ ከሣለች በኋላ አሠራሩ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ዘዴው ራሱ ግን የሠዓሊዎች የቆየ ብልሃት ነው፤ ትንሹ ሥዕል በካሬ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ካሬ በትልቁ ላይ ይገለበጣል። በየ10 ዲግሪው መስመር ቢሰመር ወደ ጎን 36፣ ወደ ቁመት 18፣ በጠቅላላው 648 ካሬዎች ይገኛሉ። አራት ሜትር ስፋት ባለው ግድግዳ ላይ የአንዱ ካሬ ጎን 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ካሬዎቹን ሲከፋፈል፣ ለአንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ሰማያዊ ውኃ ብቻ ነው፤ ቅር ማለቱም አይቀርም። ነገር ግን ምድር በአብዛኛው ባሕር መሆንዋን ከዚህ ቅሬታ የበለጠ የሚያስረዳ ትምህርት የለም። ኮልፌን የያዘው ካሬ ከምድር ወገብ እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሲሆን፣ በዚያው ካሬ ውስጥ ካምፓላና ጁባ ከአዲስ አበባ ጋር ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ዲግሪ ያህል የምትሰፋ በመሆኗ በዚህ ግድግዳ ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለት የአንድ ልጅ ስንዝር ትሆናለች።

የመስመሮቹ መጠሪያም የራሱ ታሪክ አለው። ኬክሮስ የባሕረ ሐሳብ ቃል ነው፤ የዕለት ስድሳኛ ክፍል፣ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ነው። ምድር በአንድ ኬክሮስ ጊዜ 6 ዲግሪ ትዞራለች። የጂኦግራፊ መምህራን ቃሉን ሲዋሱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለሚለካው ስለሰጡት፣ ጊዜን የሚቆጥረው ግን ኬንትሮስ በመሆኑ ነገሩ ትንሽ ተዘበራርቋል። ቢሆንም ድጓና ቅኔ የተማረ አያት ያለው ልጅ ይህን ቃል ወደ ቤቱ ይዞ ቢሄድ ትምህርቱ በእጥፍ ተመንዝሮ ይመለስለታል።

ድንበር ሲሣል እጅ ከዓይን የሚቀድምበት ጊዜ አለ። ተማሪው የመረብንና የተከዜን መስመር ሲከተል እርሳሱ ይጠማዘዛል፣ ይሳሳታል፣ በላጲስ ይጠፋል። ወደ ግብፅና ሱዳን ድንበር ሲደርስ ግን እጁ ሳያስበው ማስመሪያ ያነሣል። 22 ዲግሪ ሰሜን ነው። በግብፅና በሊቢያ መካከልም አብዛኛው መስመር በ25 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይወርዳል። «ይህንን በማስመሪያ ያሰመረው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የታሪክን በር አንኳኩቷል፤ መልሱ ወደ 1884ቱ የበርሊን ጉባኤ፣ ወደ 1899ኙ የእንግሊዝና የግብፅ ስምምነት፣ በረሃውን ሳያዩ በጠረጴዛ ላይ ወደ ከፋፈሉት መኳንንት ይወስደዋል። የኢትዮጵያም ምሥራቃዊ ሹል ጫፍ ያረፈው 8 ዲግሪ ሰሜን ከ48 ዲግሪ ምሥራቅ ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነጥብ ወንዝም ተራራም አይሠራውም። በማስመሪያው በአንደኛውና በሌላው ወገን ግመል የሚጠብቁት ሰዎች ግን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

ስለ ስፋት የሚነሣው ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። መርካቶር በ1569 የሠራው ካርታ ለመርከበኞች አቅጣጫ እንዳይሳት ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር አገሮች እየተለጠጡ ይሄዳሉ። በዚህ ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታህላለች፤ በእርግጡ ግን አፍሪካ የግሪንላንድን 14 እጥፍ ትበልጣለች፤ ግሪንላንድም ሁለት ኢትዮጵያን አትሞላም። የካሬው ዘዴም ቢሆን ከዚህ ጉድለት ነፃ አይደለም፤ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ እንደማይዘረጋ ሁሉ፣ ክብ ምድርም ሳትዛባ በወረቀት ላይ አትተኛም። ካርታው በመርከብ ላይ ባገለገለ አይነቀፍም፤ ነቀፋው ያለ ማስጠንቀቂያ በክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመኖሩ ነው። የአሪዞናው የጂኦግራፊ መምህር ቶማስ ሳሪነንና ባልደረቦቹ በልዩ ልዩ አገሮች የሚማሩ ተማሪዎች የዓለምን ካርታ ከራሳቸው አውጥተው እንዲሥሉ አድርገው ነበር። በ1996 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፓ ስፋት ከእውነተኛው ልክ በላይ ተጋንኖ፣ የአፍሪካ ደግሞ ከልኩ በታች አንሶ መገኘቱን ገለጹ። አፍሪካን አሳንሰው ከሣሉት መካከል የአፍሪካ ልጆች ይገኙባቸዋል።

ከዚህ በኋላ ካርታ ስለ መሣል የሚነገረው ነገር የጨዋታ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ተማሪው በዓይኑ ለዓመታት ያየው ሥዕል በእጁ ላይ ወጥቷል፤ የገዛ አህጉሩን ያሳነሰው ማንም ሳያዝዘው ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2025 የመርካቶር ካርታ ከትምህርት ቤትና ከድርጅቶች ግድግዳ ወርዶ፣ በ2018 እንደተዘጋጀው እኩል ምድር እንደሚባለው ባለ ስፋትን የማያዛባ ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። ኅብረቱ የሚቀመጠው ከኮልፌ ብዙ ሳይርቅ በዚያችው ከተማ ነው። አዲስ ካርታ መስቀል መልካም ነው። ነገር ግን አሮጌው የገባው በዓይን ከሆነ፣ አዲሱም በዓይን ብቻ እንዲገባ መተው ልጁን ከአንዱ አሳዳሪ ወደ ሌላው ማዛወር ይሆናል። ግሪንላንድን ከወረቀት ቆርጦ በአፍሪካ ላይ 14 ጊዜ ያስቀመጠ ልጅ ግን ከእንግዲህ የትኛውም ካርታ ሲሰቀል በምን ልክ እንደተሠራ ሳይጠይቅ አይቀመጥም።

ካርታ ደግሞ ያረጃል። በ1959 የተሣለ የአፍሪካ ካርታ በ1961 ለታሪክ እንጂ ለጂኦግራፊ አያገለግልም ነበር፤ በ1960 ብቻ 17 አገሮች ነፃ ወጥተዋልና። የኢትዮጵያም መልክ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተለዋውጧል። ከ1952 በኋላ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ቀይ ባሕርን ጨምሮ ሣለ፤ ከ1993 በኋላ የገባው የልጅ ልጁ ከባሕሩ በመለስ ያቆማል። ሁለቱ በአንድ ማታ በአንድ ደብተር ላይ ቢሥሉ፣ አያትየው እርሳሱን ወደ ምጽዋ ሲስብ ልጁ እጁን ይይዘዋል። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትወለድም በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር የሚያስጨምር ሥራ ተገኝቷል።

ኮልፌ በዚህ ረገድ ለተማሪ የሚሆን የራሷ ልምምድ አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ተከታትለዋል፤ ስድስት ወር እንዲቆይ የታሰበው ትምህርት ሁለት ወር ያህል እንደሄደ ከአገራቸው ጥሪ ስለደረሳቸው አቋርጠው ተመልሰዋል፤ ወዲያውም ተይዘው ታሰሩ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ ሲወጡ በቤችዋናላንድና በታንጋኒካ አልፈው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። ልጁ ይህን ጉዞ በግድግዳው ካርታ ላይ በቀይ እርሳስ ለማስመር ከጆሐንስበርግ ይነሣል። ከ26 ዲግሪ ደቡብ ተነሥቶ 9 ዲግሪ ሰሜን እስኪደርስ አራት ካሬዎችን ወደ ላይ ይቆጥራል። በመንገዱ ግን ቤችዋናላንድን ቢፈልግ አያገኛትም፤ ከ1966 ጀምሮ ቦትስዋና ሆናለች። ታንጋኒካንም አያገኛትም፤ በ1964 ከዛንዚባር ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ተብላለች። መንገዱ አለ፣ ስሞቹ የሉም። ቀዩን መስመር ካሰመረ በኋላ ሁለቱን የቀድሞ ስሞች በእርሳስ፣ በትንንሹ፣ ከአዲሶቹ በታች ይጽፋቸዋል፤ መስመሩ የሚያበቃበት ላይም ነጥብ አድርጎ ኮልፌ ይላል።